በጨው ውሃ የተፈተነ መሬት

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ አትላንታ ስገባ፣ ውሃ እንደ ልብ መፍሰሱ ለወራት ያናድደኝ ነበር። የምሠራበት የአፈር መመርመሪያ ላብራቶሪ ሰዎች ቧንቧውን ከፍተው ወሬ ይይዛሉ። እኔ ከኋላቸው እየሄድኩ እዘጋለሁ። የቧንቧ ፖሊስ ብለው ይቀልዱብኝ ነበር። አሰብ ወደብ ስድስት ዓመት የሠራች፣ የመጠጥ ውሃ በቦቴ ሲመጣላት የኖረች ሴት ሌላ ምን ልትሆን ትችላለች?

አሰብም ሥራዬ ይኸው ነበር። ቤት ሊሠራበት የታሰበ ቦታ ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ከውስጡ ናሙና ይወጣል፣ እኔ መሬቱ ቤት ይሸከማል ወይም አይሸከምም ብዬ እፈርማለሁ። የመቆፈሪያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ለወደብ ሠራተኞች መኖሪያ የታሰበውን ቦታ ስንመረምር ከሥር የወጣው ናሙና ድንጋይ በሉት። በመዶሻ ስመታው እጄን አመመኝ። የቀረው፣ ይፈርስ እንደሆነ ለማየት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ብቻ ነው። ጋሼ የመጠጥ ውሃ ጀሪካናቸውን አንሥተው «በዚህ ዘፍዝፊው፣ ለእኔ አታስቢ» አሉኝ።

«ምን በወጣዎ!» አልኳቸው። በዚያ ሙቀት የሰው መጠጥ ለአፈር ይሰጣል? እንደ ልማዳችን ከጉድጓዱ የወጣውን፣ ከባሕሩ የባሰ ጨዋማ ውሃ ቀድቼ ዘፈዘፍኩት። በማግሥቱ እንደነበረው ጠንካራ ነው። ፈረምኩ። ቤቱ ተሠራ፤ ጋሼም ጡረታ ሲወጡ ከባለቤታቸው ጋር እዚያው አንድ ክፍል ደረሳቸው። እኔ በጅቡቲ በኩል ወጣሁ።

አትላንታ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ከአንዲት ሌላ የበረሃ የባሕር ዳር ከተማ ናሙናዎች በሣጥን ታሽገው መጡልን። ሆቴል ሊሠራበት የታሰበ መሬት ነው። ሣጥኑን ስከፍት ያው የአሰብ መሬት፣ ንጣቱ ያው፣ ክብደቱ ያው። የጆርጂያን ቀይ ጭቃ ሳቦካ ለከረምኩት ለእኔ ዘመድ ከአውሮፕላን የወረደልኝ ያህል ደስ አለኝ። አንገቴን ቀና አድርጌ ለአለቃዬ «ይሄን አውቀዋለሁ፣ ድንጋይ ነው» አልኩት። የላብራቶሪው ደንብ እንደሚያዘው አንዱን በቧንቧ ውሃ ዘፍዝፌ ምሳዬን ልበላ ወጣሁ።

ስመለስ ሳህኑ ውስጥ ድንጋይ የለም። ጭቃ ነው ያለው። ሰው የቀለደብኝ መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ። ሌላ ቁራጭ አምጥቼ ውሃ ውስጥ ጨመርኩና ዓይኔን ሳልነቅል ቆምኩ። ጠርዙ እንደ ስኳር ሟሟ፣ ቀጥሎ መሐሉ ተደረመሰ። አሸዋውን አያይዞት የኖረው ጨው ነበር። ጨው የጠገበ ውሃ ደግሞ ሌላ ጨው አያሟሟም። ይህን ወጥ ሠርቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ ግን አውቃለሁ ብዬ ፈርሜበታለሁ። አለቃዬ ሳህኑን አይቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ጎበዝ! ሆቴሉን አተረፍሽው» አለኝ። እኔ የአሰቡን ቤት እያሰብኩ ወንበር ፈለግኩ።

የተጽናናሁት በአንድ ነገር ነው። እዚያ ቤት ቧንቧ አልገባም፣ ነዋሪው በበርሜል ውሃ ነው የሚጠቀመው። ቧንቧ እንዳይገባ፣ ከገባም ቤቱን ለቀው እንዲወጡ ለጋሼ ያኑ ዕለት ጻፍኩላቸው። ሳምንት ሳይሞላ የእሳቸው ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የእኔን ከማየታቸው በፊት የጻፉት ነው። አትላንታ ዳር፣ ክላርክስተን አብራኝ የምትኖረው ልጅ ጮክ ብላ አነበበችልኝ።

«ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቧንቧ ገባልን። ባለቤቴ ግድግዳው ሥር የኒም ዛፍ ተክላ ጧትና ማታ ታጠጣለች። ክፍሉ እንዲቀዘቅዝልንም ወለሉ ላይ ውሃ እናፈሳለን። ጎረቤታችን ባለሱቁ ስልክ አስገብቷል፣ ቁጥሩን ጽፌልሻለሁ።»

«እንዴ፣ ጉድ ኒውስ እኮ ነው!» አለች ልጅቷ ፊቴን አይታ። «ምን ሾክ አደረገሽ?»

ጧት ሥራ ስገባ ኮቴን ሳላወልቅ የአለቃዬን ስልክ ያዝኩ። መስመሩ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ አላስታውስም። በመጨረሻ ባለሱቁ ጋሼን ጠርቶ አመጣልኝ።

«ጋሼ፣ ውሃውን ይዝጉት! ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ይውጡ!» አልኩ፣ ሰላምታም ሳልሰጥ። ምክንያቱን በጥድፊያ ነገርኳቸው።

 

«በሩ» አሉ ቀስ ብለው። «ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አልዘጋ ብሎኛል። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ በመላጊያ ላግሁት።»

በሩ አላበጠም፤ ቤቱ ነው የሰመጠው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼ ላይ ጮኽኩባቸው። ላብራቶሪው በሙሉ ሥራውን አቁሞ አየኝ። አለቃዬ አንድም የአማርኛ ቃል ሳይገባው ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

ወጡ። ባለቤታቸውን፣ ፍራሻቸውን፣ ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ወጡ። ግድግዳው የወደቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በእኩለ ቀን ነው፤ ኒሟ ላይ። ውስጡ ሰው አልነበረም። ይህን የነገሩኝ ጋሼ ራሳቸው ናቸው፣ በደብዳቤ። አልተቆጡኝም። ስለ ጤንነቴ ጠይቀው፣ ስለ ብርዱ ጠይቀው፣ ከፊርማቸው በታች አንድ መስመር ጨምረዋል፦ «ያን ቀን ጀሪካኔን ብትቀበይኝ፣ ጥሙን እችለው ነበር።»