ጋዜጣ ላይ የተሰጣው አፈር

አባዬ የኬሚስትሪ መምህር ነው። ሦስት ክረምት ዩኒቨርሲቲ ተመላልሶ ትምህርቱን ጨርሷል፤ ለማስተርሱ የቀረው የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነበር። ጊዜው ሁለቴ ተራዝሞለታል። ሦስተኛ ይኖራል ብሎ እንዳያስብ አማካሪው ቁርጡን ነግሮታል። ይህን ቤታችን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

ጥናቱ ስለ አፈር ነበር። ቡሬ አካባቢ መሬቱ እየኮመጠጠ እህል አልሰጥ ብሏል። አባዬ የቤተ ክርስቲያን ደን አፈር፣ የግጦሽ አፈርና ዘመን ሙሉ ሲታረስ የኖረ አፈር ምን ያህል እንደሚለያዩ ለክቶ ማሳየት ፈለገ። ሚያዝያ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ አብረን እንሄድ ነበር። እሱ ይቆፍራል፤ እኔ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ እያንዳንዱ አፈር ከየት፣ ከስንት ጥልቀት እንደተወሰደ በቁራጭ ወረቀት እጽፋለሁ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ለትልቅ ሥራ የተፈለግሁ መስሎኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አባዬ ጫማውን አውልቆ ነው የቆፈረው፤ መቃብር እንዳይነካ ቄሱ ራሳቸው ቆመው ቦታውን ያሳዩት ነበር። አንድ ገበሬ ደግሞ ሞፈሩን ተደግፎ ሲያየን ቆየና፣ «መሬቱ የመንግሥት ነው ስትሉን ከርማችሁ፣ አሁን ደግሞ አፈሩን በፌስታል ትወስዱት ጀመር?» አለን። አባዬ ሳቀ። የዚያን ሰሞን ብዙ ይስቅ ነበር።

ሃያ አራት ፌስታል አፈር ይዘን ተመለስን። አፈሩ ፀሐይ ሳይነካው ጥላ ውስጥ መድረቅ ስላለበት የሳሎኑን ወንበሮች አውጥተን፣ ወለሉ ላይ የድሮ ጋዜጣ ዘርግተን፣ ሃያ አራት ቦታ አሰጣነው። በየጋዜጣው ጫፍ የጻፍኩትን ወረቀት አድርጌ ጠጠር ጫንኩበት። ከዚያ በኋላ ስንገባም ስንወጣም በመካከሉ በጠባብ መንገድ ነበር። እማዬ ቤቴን እርሻ አደረጋችሁት እያለች ብታጉረመርምም፣ ነፋስ እንዳይገባ መስኮቱን የምትዘጋው እሷ ነበረች። ሲደርቅ ተነፍቶ ወደ ላቦራቶሪ ሊሄድ ነው፤ ተራ ተይዞለታል።

ሊነፋ ሁለት ቀን ሲቀረው የጎረቤታችን አዛውንት ሞቱ።

ግንቦት ነበር፤ ዝናቡ በጊዜ ገብቷል። አባዬ ከቀብር መልስ ገበሬዎቹን ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀማቸው ሊጠይቅ ቀጠሮ ነበረውና ወደ ቡሬ ሄደ። እማዬ ለቅሶ ቤት ወጥ ላይ ነች። ቤት የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከአጥራችን ወዲያ የሚኖሩት፣ እትዬ የምንላቸው ሴትዮ፣ ሁለት የእድር ሴቶች አስከትለው መጡ።

«ሆዴ፣ ከሰከላ የመጡት ሽማግሎች ዝናብ ላይ ቀሩ። ድንኳኑ ያፈሳል፣ የሟች ቤት ሞልቷል። እዚህ እናሳርፋቸው።»

«ይሄ የአባዬ...» ብዬ ጀመርኩ።

ከኋላቸው በሩ ላይ ሽማግሎቹ ቆመዋል። ጋቢያቸው በስብሶ ትከሻቸው ላይ ተጣብቋል። አንደኛው ወለሉን አይቶ፣ ልጅቷን አታስቸግሯት ብሎ ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል አፈርኩ። ለአባዬ ደወልኩ፤ ከቡሬ ወጣ ሲል ስልክ አይይዝም። ዘንድሮ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ቃል አላጣም፤ ያን ቀን ግን አንድ አጭር ነገር ከአፌ መውጣት አቃተው።

እትዬ ጉንጬን ዳሰሱኝ። «አይዞሽ፣ የመምህርን አፈር አንጥልም። አንድ ፍሬ አይጠፋም።»

እውነታቸውን ነው፤ አንድ ፍሬ አልጠፋም። ጋዜጣውን አራቱን ጫፍ ይዘው እያነሱ፣ አንድ ንጹሕ ጆንያ ውስጥ ሃያ አራቱንም ገለበጧቸው። የተጣበቀውን ሳይቀር በጣታቸው እየመቱ አራገፉ። የእኔን ወረቀቶች ለቅመው አስተካክለው በብርጭቆ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አኖሩልኝ፤ ጽሕፈቴንም አደነቁ። እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው።

አባዬ ሲመሽ ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ መጀመሪያ ወለሉን አየ፤ ቀጥሎ ጥጉ ላይ የቆመውን ጆንያ፣ ከዚያ እኔን። ሽማግሎቹን እጅ ነሥቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ፣ ጀሪካን አንሥቶ ለለቅሶ ቤቱ ውኃ ሊቀዳ ወጣ። እንግዶቹ ሦስት ቀን ቆዩ። ሦስቱንም ቀን ስለ አፈሩ አላነሣም።

ከሰልስቱ በኋላ ቡሬ ተመለስን። ማሳው ሁሉ በቆሎ ተዘርቶበት፣ ማዳበሪያ ተጨምሮበታል፤ ለልኬት አይሆንም። እስከ አዝመራ መጠበቅ ግድ ነው፤ የአባዬ ጊዜ ደግሞ ሰኔ ላይ ያበቃል። የቀረው ምክንያቱን ገልጾ ተጨማሪ ጊዜ በደብዳቤ መለመን ነበር። እማዬ የሆነውን እንዳለ ጻፈው አለችው። እሱ ግን ደብዳቤው በትምህርት ቤቱ በኩል ስለሚያልፍ ሳምንት ሳይሞላ ሰፈር እንደሚደርስ፣ እትዬም ለሐዘንተኛ ባደረጉት ደግነት አንገታቸውን እንደሚደፉ ነገራት። በራሴ የጥንቃቄ ጉድለት ናሙናዎቹ ተቀላቅለውብኛል ብሎ መጻፍ ጀመረ።

አጠገቡ ቁጭ አልኩ። «ልጄ ዝም ብላ ነው በልና ጻፍ» አልኩት።

«ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ ምን ትያቸው ነበር?»

«አትግቡ አልልም ነበር። ሲያነሡት ግን አትቀላቅሉት እል ነበር። ፌስታሎቹ እኮ ጓዳ ነበሩ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይህ ከዚያ በፊት ያልታሰበው መሰለኝ። ፊቴን ሳያይ፣ «እሱስ እውነት ነው» አለ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥቶ፣ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ሳይለውጥ ጨረሰው።

መልሱ በሰኔ መጨረሻ መጣ። የጥንቃቄ ጉድለት ለማራዘሚያ በቂ ምክንያት አይደለም ይላል። አባዬ ሁለቴ አነበበውና የፈተና ወረቀት ማረሙን ቀጠለ።

ሐምሌ ላይ ክረምት የሚማሩት መምህራን ሻንጣቸውን በባጃጅ ጭነው ወደ መናኸሪያ ሲሄዱ፣ አባዬ ግቢያችን ውስጥ ቦይ ይጠርግ ነበር። እትዬ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«መምህር፣ ዘንድሮ አልሄዱም እንዴ?»

«ዘንድሮስ ልረፍ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ደግ አደረጉ። ሦስት ክረምት ሙሉ እኮ ቤትዎን ጥለው ከረሙ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ደስታቸው ከልብ ነበር። «አንቺስ ሆዴ፣ አባትሽ ቀረልሽ፣ ደስ አላለሽም?»

አባዬ አካፋውን እንደያዘ ቀና አለ። የምለውን ሊሰማ ጠበቀ።

«ብሎኛል» አልኳቸው።