መሐሉ ባዶ ይሁን

አክስቴ በሕይወቷ የጠየቀችኝ ነገር አንድ ብቻ ነው። ያሳደገችኝ፣ ያስተማረችኝ፣ የሁለታችንም ጫማ በተቀደደበት ዓመት ለእኔ ብቻ የገዛች ሴት ናት፤ ብዙ ልትጠይቀኝ ትችል ነበር። የጠየቀችኝ አንድ ባዶ ቦታ ነው። እሱንም አልሰጠኋትም።

ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ አሥራ አራት አባወራ ተጠጋግቶ ይኖር ነበር። እኔም ያደግሁት እዚያው ነው። ዙሪያችን ያለው ሰፈር ሁሉ ወደ ላይ ሲያድግ እነሱም በማኅበር ተደራጁና አሮጌ ቤቶቻቸውን አፍርሰው፣ ምድሩ ሱቅ ላዩ መኖሪያ የሆነ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ለመሥራት ተስማሙ። አርክቴክቱ ማን ይሁን የሚል ክርክር እንኳ አልተነሳም። የግቢው ልጅ እያለ ማን ባዳ ይፈልጋል?

ሕንፃው ዙሪያውን ይከባል፣ መሐሉ ክፍት ነው። ስለዚያ መሐል የማወራው አያልቅብኝም ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ስለማስተምር፣ ከተማ ሲጠብ ሰው የሚገናኝበት ቦታ ሕንፃው ሆድ ውስጥ መግባት አለበት እያልኩ ለተማሪዎቼ እሰብክ ነበር። አሁንም አምንበታለሁ። ችግሩ፣ ሰው ስል የማስበው በሥዕሎቼ ላይ የማስቀምጣቸውን፣ ቦርሳ ያነገቱ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው መጽሐፍ የሚያነቡ ሰዎችን ነበር። በግቢያችን መጽሐፍ ይዞ ደጅ የሚቀመጥ ሰው አይቼ አላውቅም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ካልሆነ በቀር።

ሥዕሉን ከመጀመሬ በፊት አክስቴ በየቤቱ ዞረች። ማንም አልላካትም። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ስለነበረች ግን ሁሉም ይሰማታል፤ ድንኳኑ፣ ድስቱና አግዳሚው የሚቀመጥበት ክፍል ቁልፍ በክር ታስሮ ከሃያ ዓመት በላይ አንገቷ ላይ ኖሯል። ዞራ ስትጨርስ መጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ሁላችንም ተስማምተናል» አለችኝ። «መሐሉ ባዶ ይሁን። ምንም አትሥራበት።»

ለምን እንደሆነም ዘረዘረችልኝ። በርበሬ ይሰጣበታል። ለበዓል ቅርጫ ሲገባ በሬው እዚያ ይታረዳል። ሠርግ ሲሆን ድንኳን ይተከላል፣ ለቅሶ ሲሆንም ድንኳን ይተከላል። አዎ፣ አዎ እያልኩ ሰማኋት። እጄ ግን እርሳስ ይዞ ነበር።

ሥራውን ስጀምር ያ ባዶ ቦታ ዓይኔን ወጋኝ። ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ያልተሠራ ይመስላል፤ ሰነፍ አርክቴክት የረሳው ይመስላል። የሙያ ባልደረቦቼ ቢያዩት ምን ይሉኛል አልኩ። እናም መሐሉ ላይ ክብ ፏፏቴ አስቀመጥኩ። በአራቱም ማዕዘን በሲሚንቶ የታጠረ የአበባ መደብ፣ በፏፏቴው ዙሪያ ደግሞ ከመሬቱ ጋር የተጣበቀ የኮንክሪት መቀመጫ ጨመርኩ። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት አላጣሁም፤ ባዶ ከቀረ መኪና ይቆምበታል፣ አለዚያም አንዱ ጉልበተኛ ሱቅ ይቀልስበታል አልኩ። ይህ ውሸት አልነበረም። እውነተኛው ምክንያት ግን ሥዕሉ ማማሩ ነው። በጣም ያምር ነበር።

ማኅበርተኞቹ ሥዕሉን ያዩት በስብሰባ ነው። እኔ በዚያ ቀን ለሥራ አዲስ አበባ መሄድ ስለነበረብኝ ጥቅሉን ለአክስቴ ሰጥቻት ሄድኩ። ስመለስ ጸድቋል አለችኝ። ምን አሉ ብላት፣ ምን ይላሉ፣ ቆንጆ ነው አሉ አለችኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም። ሰው መስማት የፈለገውን ሲሰማ ጥያቄ ያልቅበታል።

በዚያው ሰሞን ቁልፉ አንገቷ ላይ የለም። የት ሄደ አልኳት። ደከመኝ፣ አስረከብኩ አለች። ይህንንም አመንኳት።

ሕንፃው አለቀና ገቡበት። የፏፏቴውን ፎቶ ለተማሪዎቼ ሳሳያቸው አጨበጨቡ። ፎቶው ላይ አንድም ሰው አልነበረም፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። አክስቴን ለማየት በየእሑዱ ስሄድ ግን ማስተዋሌ አልቀረም። መቀመጫው ፏፏቴውን ከቦ ፊቱን ወደ ውጭ ስለሚያዞር፣ ሦስት ሰው ከተቀመጠ ሦስቱም የሚቀመጡት ጀርባ ተሰጣጥተው ነው። ለመጫወት አንገት መጠምዘዝ ያስፈልጋል። ሴቶቹ በርበሬያቸውን በየበረንዳቸው፣ በየራሳቸው ያሰጡ ጀመር። ፏፏቴውን አዘውትሮ የሚጎበኘው ከሐይቁ በኩል የሚመጣ አንድ አባ ኮዳ ነበር፤ ራሰ በራው ወፍ ጠርዙ ላይ ቆሞ ውኃውን እንደ ቀበሌ ሹም ይመረምራል። በዚህ እንስቅ ነበር። እሷም አብራኝ ትስቅ ነበር።

ባለፈው ክረምት አክስቴ ሞተች።

የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ተሸክመው እስከ ግቢው በር መጡና ቆሙ። አንዱ ወደ ውስጥ ገብቶ ከፏፏቴው እስከ አበባው መደብ በእርምጃ ለካ፤ አራት እርምጃ ሳይሞላ አለቀበት። ድንኳኑን መልሰው ወሰዱና መንገዱ ላይ ተከሉት፣ ግማሹ ኮብልስቶን ላይ፣ ግማሹ የጎርፍ ቦይ ላይ። ሦስት ቀን መንገድ ላይ ተቀመጥን። ባጃጆች ጥሩምባቸውን እየነፉ የድንኳኑን ጠርዝ ታክከው ያልፋሉ። የቤተ ክርስቲያኗ ዘማሪዎች ሲዘምሩ ድምፃቸውን ሞተር ይውጠዋል። ሲዘንብ ጎርፉ በአዛውንቶቹ እግር ሥር ስለሚሄድ እግራቸውን አንሥተው ይቀመጣሉ። ከተቀመጥኩበት ሆኜ በበሩ በኩል ፏፏቴዬ ይታየኝ ነበር። አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በሁለተኛው ቀን የእድሩ ዳኛ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። በልጅነቴ ማንጎ ስሰርቅባቸው ጆሮዬን የቆነጠጡኝ ሽማግሌ ናቸው። ስለ አክስቴ ደግነት ሲያወሩኝ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የዚያን ስብሰባ ነገር አነሱ። ሥዕሉ ሲዘረጋ ሰው ሁሉ ተቆጥቶ ነበር። ባዶ ይሁን አላልንም ወይ፣ ልጁ ናቀን ወይ ተባለ። ያኔ አክስቴ ብድግ ብላ፣ እሱ ባዶ አድርጎት ነበር፣ ፏፏቴውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ አምሮኝ ነው አለች። እንደገና ይሣል ቢባል ሥራው ይዘገያል ተብሎ ሥዕሉ ጸደቀ። ቃላችንን ያልጠበቀች ዕቃችንን አትጠብቅም ብለው ቁልፉን ተቀበሏት።

«ጥሩ ሴት ነበረች» አሉኝ። «የተቀየምናት በዚያች ብቻ ነው።»

ይህን ሲሉ ዓይኔን ዓይኔን ያዩኝ ነበር። መልሱ አፌ ላይ ደርሷል፤ እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይጨመርበትም። ያ ሁሉ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ስሟን ለማጽዳት ከዚያ የተሻለ ቀን አይገኝም። አልተናገርኩም። አንገቴን ደፍቼ ጎርፉን አየሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ግን ነቀዘ፣ ውስጤንም በላው።

ከወራት በኋላ ማኅበሩ አስጠራኝ። ፏፏቴው ይፍረስ ተብሎ ተወስኗል፣ እንዳትቀየመን፣ አዲሱን ሥዕል አንተው ሥራልን አሉኝ። ሥዕሉ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አራት መስመር ነው፣ ውስጡ ምንም የለም። እንደዚያ የከበደኝ ሥራ ግን የለም።

ይዤው ስሄድ ሁሉም በእድሩ አግዳሚዎች ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ወረቀቱን ዘረጋሁና ሳልቀመጥ ተናገርኩ። አክስቴ ፏፏቴ እንዳልጠየቀችኝ፣ ባዶ ይሁን ብላ የእነሱን ቃል በትክክል እንዳደረሰችልኝ፣ አልሰማ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ አንድም ሰው አልደነገጠም። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ።

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እናውቃለን ልጄ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ አባባ?»

«ከዚያው ቀን። በየቤታችን ዞራ ባዶ ይሁን ያስባለችን እሷ አይደለችም እንዴ? ለአንተ ብላ እንደዋሸች ሕፃንም አይጠፋው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ ነው እንጂ። የተቀየምናት ዓይናችን እያየ ስለዋሸችን ነው። እውነቱን ተናገሪና ቁልፍሽን ውሰጂ ብለናት ነበር። እኔ አልናገርም፣ ልጁ አንድ ቀን ራሱ ይናገራል አለችን።»

ወረቀቱን ተቀበሉኝና ወደ ሌላው ጉዳይ አለፉ። እኔ ግን ወጥቼ ፏፏቴው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ስድስት ዓመት ኖራለች፤ በየእሑዱ እሄድ ነበር። በሩን ስትከፍትልኝ ሳትናገር ፊቴን ትክ ብላ ታየኝ ነበር። እኔ ደግሞ የከሳሁ መስሏት ነው እያልኩ፣ በደንብ እየበላሁ ነው እላት ነበር።