ውሃ ያጠጣሁት የኤሌክትሪክ ዋሽንት

ባለፈው ቅዳሜ ምናለሽ ተራ የድስት ክዳን ፍለጋ ስዞር፣ ከአሮጌ ሪሞቶች መሃል አንድ ጥቁር ረጅም ዕቃ ተጋድሞ አየሁ። ክላርኔት ይመስላል፣ ግን ከጭራው ገመድ ይወጣል። ሻጩ "ማዘር፣ ማይክ ነው፤ ውሰጂው" አለኝ። ማይክ! ዕቃውን አንስቼ እዚያው ጆንያው ላይ ቁጭ አልኩ።

ልጅ እያለሁ የሰባተኛ ሰፈር ጎረቤቶቻችን እንዲህ ያለውን የአባቴን ዕቃ "የኤሌክትሪክ ዋሽንት" ይሉት ነበር። አባቴ የፊት ጥርሶቹ እስኪረግፉ ድረስ የሠርግ ባንድ ሳክስፎን ተጫዋች ነበር። ሳክስፎን ደግሞ ጥርስ ይፈልጋል፤ ነክሰው ካልያዙት ድምፁ አይታዘዝም። አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ዋለ፤ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ። በመጨረሻ ሳክስፎኑን ሸጦ እንዲህ ያለውን ገዛ። ትንፋሽ ብቻ ነው የሚፈልገው። እፍ ሲሉበት ትንፋሹ በገመዱ በኩል ወደ አንድ ሳጥን ይሄድና፣ አንዴ መለከት አንዴ ቫዮሊን ሆኖ በስፒከር ይወጣል። የባንዱ አለቃ ድራመሩ ጋሽ ተፈራ ታዲያ "እሁድ ሠርግ ላይ እንየው፤ ካልሆነ ግን አትቀየመኝ፣ ሌላ ሰው አግኝቻለሁ" አለው።

እሁድ ጠዋት ደረሰ። የባንዱ መኪና አምስት ሰዓት ላይ ይመጣል። አባቴ ሱሪውን ሊያስተኩስ ወጣ፤ እኔ የስምንት ዓመቷ ብልጥ ደግሞ ልርዳው ብዬ ተነሳሁ። ከጎጃም መጥቶ እኛ ጋ የሚኖረው የእናቴ ወንድም ጋሼ ደጉ፣ ዋሽንቱን ከመንፋቱ በፊት ሁልጊዜ ውሃ ያፈስበታል። "የደረቀ ዋሽንት ድምፁ ይሻክራል፤ መጀመሪያ አጠጪው" ይለኝ ነበር። ዋሽንት ያው ዋሽንት ነው ብዬ በጣሳ ውሃ ቀዳሁና በአባቴ ዕቃ አፍ በኩል አንቆረቆርኩበት። ላዩን ጠርጌ ቦታው መለስኩት። ለጋሼ ደጉ ስነግረው እሱም "ጎበዝ!" ብሎኝ አረፈ።

አባቴ ተመልሶ ሱሪውን ቀየረና ዕቃውን ሊሞክር ገመዱን ሲዘረጋ፣ ሶኬቱን ልሰካለት ሮጥኩ። "ተይ! እጅሽ እርጥብ ነው" አለና ቀማኝ። "ውሃና ኮረንቲ አይስማሙም፣ ይገድልሻል።" ዕቃውን በአንድ እጁ እንደያዘ ሶኬቱን ይዞ ወደ ግድግዳው ጎንበስ አለ። ያኔ ገባኝ። ከናገርኩ ገደለኝ፣ ዝም ካልኩ ሞተብኝ።

"አባዬ ተው! ውሃ አጠጥቼዋለሁ!"

እጁ አየር ላይ ቀረ። ዕቃውን ዘቅዘቅ ሲያደርገው ውሃው በተተኮሰው ሱሪው ላይ ተንዠቀዠቀ። አየኝና ፊቱን አዞረ። ምነው በመታኝ! ብድግ ብሎ መታጠፊያው ላይ ወዳለው ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ወደ ጋሽ ሱልጣን ሮጠ። እኔም እያለቀስኩ ተከተልኩት።

ጋሽ ሱልጣን ብሎኖቹን ፈታና ገልጦ አየ። "ኮረንቲ አልነካውም? አልሐምዱሊላህ። ግን እንዲህ እንደራሰ ከሰካኸው አለቀለት። ፀሐይ ላይ እስከ ማታ ይዋል።"

"መኪናው ከአንድ ሰዓት በኋላ እኮ ነው!" አለ አባቴ።

ጋሽ ሱልጣን የተፈታታውን ዕቃ በፎጣ ይዞ ማዶ ወዳለው የእትዬ አበባ ፀጉር ቤት ገባ። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ፀጉሯን በቢጎዲን የጠቀለለች ሴትዮ ተቀምጣለች፤ እሷም ሠርግ አለባት። "ኧረ የኔ ፀጉርስ?" ብላ ጮኸች። እትዬ አበባ ግን ወይ ፍንክች! "አንቺ በነጠላ ትሸፍኚዋለሽ፤ የሱ እንጀራ በምን ይሸፈናል? ተነሺ በይ!" አለቻት። የአባቴ ዋሽንት ካስክ ገባ። ሴትዮዋም ፀጉሯ እየተንጠባጠበ፣ እያጉረመረመች ከኛ ጋር ጠበቀች።

ጋሽ ሱልጣን ዕቃውን ገጥሞ ሳይጨርስ የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ። ጋሽ ተፈራ ቤት ሲያጣን ጠይቆ መጣና የፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆመ። ጋሼ ደጉ ሳጥኑንና ስፒከሩን ከቤት አምጥቶ ሶኬቱ ተሰካ። አባቴ ነፋ፤ ምንም የለም። ደግሞ ነፋ፤ ፀጥ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ፍንትው ብሎ ወጣ፤ እትዬ አበባ እልል አለች። አንዷ ቁልፍ ብቻ ሞታ ቀረች። ጋሽ ተፈራ "ምን ሆኖ ነው?" ሲል፣ አባቴ ትከሻውን አቅፎ እያንሾካሾከ ይዞት ወጣ። ምን እንዳለው አልሰማሁም። የዚያን ለት ተጫወተ፤ ከዚያም ያችን የሞተች ድምፅ እየዘለለ ዓመታት በላበት።

አባቴ ያረፈ ጊዜ ጋሽ ተፈራ ለቅሶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። "አባትሽ እኮ የዚያን ለት 'ፈርቼ እጄ ሲንቀጠቀጥ ውሃ ደፋሁበት' ብሎኝ ነበር" አለኝ፤ እየሳቀም እያለቀሰም። "እኛም አልማርነውም፤ እስከ መጨረሻው 'ፈሪው' እንዳልነው ቀረን።"

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። ባለፈው ወር ልጄ ስልኬን ጥላ መስታወቱን ሰነጠቀችው። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩባት። አልበቃኝ ብሎ በነጋታው ቤት ለመጡ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ስሟን እየጠራሁ አወራሁ፤ እሷ አጠገቤ ቆማ መሬት መሬት እያየች። አባቴ የእኔን ጥፋት ለማንም ሳይናገር ሞተ።