በቅሎ ያሰረው የብስክሌቴ ሰንሰለት

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ብስክሌቱን ደጃፌ ላይ ገልብጦ ሲያማርር አገኘሁት። ሰንሰለቱ ተበጥሷል፤ የኋላው ጥርስም ተበልቷል። ለሁለቱ መለዋወጫ የተጠየቀው ዋጋ ብስክሌቱን ከገዛበት ብዙም አይርቅም። «እማማ፣ ይህ ዝርፊያ ነው! ምናለ መንግሥት ዋጋውን ቢያስቀንስልን!» አለኝ።

ሳቄ መጣ... እኔ አንድ ጊዜ አስቀንሼ አውቃለሁና።

በደርግ ዘመን እዚሁ ሰቆጣ መምህርት ነበርኩ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ የገጠር ጣቢያዎችን እንድቆጣጠር አንድ ብስክሌት ተሰጠኝ። ብስክሌት ለዋግ ተራራ! ቁልቁለቱን እሱ ይሸከመኛል፤ ዳገቱን እኔ እሸከመዋለሁ።

ፃግብጂ በኩል ባለ አንድ ጣቢያ የማጠቃለያ ፈተና ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ተቆጣጣሪ ያልተገኘበት ፈተና አይያዝም። ዓመቱን ሙሉ በኩራዝ የተማሩት ገበሬዎች እንደገና ከ«ሀ» ሊጀምሩ ነው።

ወደ ሐጂ ይማም ሱቅ ሄድኩ። በግራሶ በራሰ ወረቀት የተጠቀለለ አንድ ሰንሰለት ከመደርደሪያው አወረዱ። የጠሩት ዋጋ ሁለት የአበርገሌ ሙክት ይገዛል።

«ሐጂ፣ ይህ እኮ ብረት ነው፤ ወርቅ አይደለም!»

«ልክ ነዎት እትዬ። ከደሴ ሲነሣ ብረት ነበር። በየኬላው ሲያድር ነው ወርቅ የሆነው።»

ተበድሬም ቢሆን መክፈል እችል ነበር። እኔ ግን ሥርዓት ወዳድ ነኝ። ቀጥ ብዬ ቀበሌ ሄጄ አቤት አልኩ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ። «ጓድ መምህርት፣ በዚህ ዋጋ ላይ እርምጃ ይወሰዳል!»

በማግሥቱ ተመኑ ሱቁ በር ላይ ተለጠፈ... ስምንት ብር። ገንዘቡን ይዤ መሮጥ ሲገባኝ፣ የግዥ ደብዳቤ ካልተጻፈልኝ፣ ማኅተም ካላረፈበት ብዬ ግማሽ ቀን ጽሕፈት ቤት ተቀመጥኩ።

ሱቁ ስደርስ ከፊቴ አሥራ አንድ ሰው ተሰልፏል። አንዳቸውም ብስክሌት የላቸውም። ያን ጊዜ ሰው መጀመሪያ ይሰለፋል፤ ምን እንደሚሸጥ የሚጠይቀው ኋላ ነው።

ሐጂ ከውስጥ አይተውኝ እኔ ጋ ወጡና በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። «እትዬ፣ ይለፉ! ዕቃው አንድ ነው፤ ብስክሌት ያለዎትም እርስዎ ብቻ ነዎት!»

«ተራ ተራ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ። ልጆች ሰልፍ እንዳይዘሉ ስቆጣ የኖርኩ ሰው በአደባባይ ልዝለል?

ከሁሉ ፊት የነበረው ገበሬ ስምንት ብሩን ከፍሎ ሰንሰለቱን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ሄደ። ሐጂ ባዶውን መደርደሪያ አሳዩኝ። «ይኸው እትዬ፣ ዋጋው ረክሷል። የሌለው ዕቃው ብቻ ነው።»

የፈተናው ቀን ጎሕ ሲቀድ በእግሬ ተነሣሁ። ፀሐይዋ ስትበረታ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነኝ። እንደማልደርስ ገብቶኝ እግሬ ሲዝል፣ አንድ ባለበቅሎ ከኋላዬ መጣ... ያ ከሰልፉ ፊት የነበረው ገበሬ! ሰንሰለቴ በበቅሎዋ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል።

«እትዬ መምህርት፣ እኔንም እኮ የሚፈትኑኝ እርስዎ ነዎት። ደባሽ እባላለሁ። አንጥረኛ ዘንድ ሥራ ኖሮኝ ከተማ አደርኩ» አለና ወርዶ እኔን በቅሎዋ ላይ አወጣኝ።

«አያ ደባሽ፣ ሰንሰለቱ ለምንህ ነው?»

«ፈተና ላይ ስቀመጥ በቅሎዬን ሌባ እንዳይነዳብኝ እግሯን ላስርበት ነዋ። ገመድ ይበጠሳል። ይህን ግን የሚበጥሰው የለም።»

የእኔ መበጠሱን አልነገርኩትም።

ለመማር ያነሣሣውንም ነገረኝ። «ልጄ ዘምቷል። ሁለት ገጽ ጽፎ ይልካል፤ ሊቀመንበራችን ‹ደኅና ነኝ ይልሃል› ብሎ ያጥፈዋል። የቀረውን ራሴ ላንብበው ብዬ ነው።»

ደረስን። በቅሎዋን በሰንሰለቴ አስሮ ቆለፈባት። ፈተናው ሲጀመር ግን የማንበቢያውን ገጽ ሁሉም እንደ ዳዊት በቃላቸው ሸምድደውታል። ደባሽማ ወረቀቱን ትቶ በበሩ በኩል በቅሎውን እያየ አንበለበለው።

«አይሆንም! ያላጠናኸውን አንብብ» አልኩ።

ፊቱ ጠቆረ። በመማሪያ ጎጆው ውስጥ ሌላ የተጻፈ ነገር የለም። ኪሱን ፈለገ ፈለገና የሐጂን ደረሰኝ አወጣ። በጣቱ እየተከተለ ጀመረ።

«የ... ብስ... ክሌት... ሰን... ሰለት... አንድ።»

ወደ በቅሎዋ ዞረ። ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ... ይህ የእርስዎ ነው እንዴ?»

ጎጆው በሳቅ ተናጋ። እኔ «አልፏል» ብዬ ጻፍኩ። በማስተማር ዘመኔ እንደዚያ ደስ እያለኝ የሰጠሁት ውጤት የለም።

ወዲያው ወጥቶ ሰንሰለቱን ፈትቶ አመጣልኝ። ተቀብዬ ብስክሌቱን በሐሳቤ ስለካበት... አጠረ።

«ለእግሯ ረዘመባትና አንጥረኛው ከስንዝር በላይ ቆርጦልኛል» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«የተቆረጠውስ?»

«ለእጁ ዋጋ ተውኩለት። ይህን ጊዜ ቢላ ሆኗል።»

መልሼ ሰጠሁት። ብስክሌቱ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ዝጎ ቀረ። ደባሽ ግን የልጁን ደብዳቤ ሁለቱንም ገጽ ራሱ አነበበ፤ በቅሎውም አልተሰረቀችም።

ትናንት ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ነግሬው ሳበቃ አንድ ምክር ጨመርኩለት... «ልጄ፣ ዋጋ አስቀንሱልኝ ብለህ ከመጮህህ በፊት፣ ከፊትህ ባለበቅሎ አለመሰለፉን አይተህ ነው።»