አማትን ወደ ጥግ መግፋት

ፀጉር አስተካካዩ አንድ ነገር ከያዘ ያዘ ነው፤ እንደ መዥገር አይለቅም። ስልኩ ላይ የፎቶ ትምህርት ካየ ወዲህማ ቤተሰቡ አበሳውን አየ። «ምስሉን ሦስት ቦታ ክፈል፤ ሰው መሃል አትገትር» ሲሉ ሰምቶ ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው መሃል አንስቶ ጥግ አስጠጋው። ፀጉሩን ከመሃል እንዲከፍልለት የጠየቀውን ደንበኛ እንኳ፣ «መሃልማ ነውር ነው!» ብሎ መስመሩን ወደ ጆሮው ገፋበት።

አማቱ ግን ፎቶ የፈለጉት ለጥበብ አልነበረም። ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው፣ የእሱ ሚስትና ታላቅ እህቷ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ሰበብ ተኳርፈው ዓመት አልፏቸዋል። እናት አንጀታቸው እያረረ፣ «ከመሞቴ በፊት ሁለታችሁን ግራና ቀኝ አድርጌ አንድ ፎቶ እንኳ ልነሳ» ብለው ለመኗቸው። ለእሳቸው ሲሉ ብቻ መጥተው፣ አንዷ ወደ በሩ፣ አንዷ ወደ መስኮቱ እያየች ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

«እማማ፣ ከኋላዎ ያለው የቁም መብራት ዘንግ ከራስዎ የበቀለ ይመስላል። ትንሽ ወደ ግራ!»

ተጠጉ። ታላቅየዋ እየተነጫነጨች ተነስታ ቦታ ለቀቀች።

«አሁን ደግሞ በሚያዩበት በኩል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። አሁንም ወደ ግራ!»

«ልጄ፣ ሶፋው'ኮ አለቀ!»

«ትንሽዬ ብቻ!»

አማት ከሶፋው ጫፍ ተንሸራተው ምንጣፉ ላይ ዘጭ አሉ። ልጆቻቸው ከግራና ከቀኝ ዘለው ደገፏቸው።

«ባልሽ አብዷል!» ብላ ጮኸች ታላቅየዋ።

«ዛሬ ነው እንዴ የሰማሽው?» አለች ሚስቱ።

በዓመት ውስጥ እርስ በርስ የተነጋገሩት ይኸው ብቻ ነው። ተያዩ። መጀመሪያ ሚስቱ በሳቅ ፍርፍር አለች፤ ታላቅየዋ ልትኮሳተር ሞክራ አልሆነላትም።

«እንዳታነሱኝ!» አሉ እናት ከወለሉ ላይ። «እንደያዛችሁኝ ቆዩ! አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ፣ አንሳ!»

«እማማ፣ መሃል ላይ ነዎት'ኮ...»

«አንሳ አልኩህ!»

ሳይወድ በግዱ አነሳ። ፎቶው ደብዛዛ ነው፤ ስልኩን ወደ ወለሉ ሲያዞር ዘንጉ እንደገና ከአማቱ ራስ ላይ በቅሏል፤ አንድ ጫማቸውም ሲወድቁ ወልቋል። ሰውየው አፍሮ፣ «ይቺን ላጥፋትና እንደገና...» ከማለቱ፣

«እንዳትነካት!» ብለው ሦስቱም ጮኹበት።

አማት ስልኩን ነጥቀው አዩ። የራሳቸውን መልክ ልብ አላሉትም። እሳቸውን ሲደግፉ ትከሻቸው ላይ የተያያዙትን የሁለቱን ልጆቻቸውን እጆች በጣታቸው እየነኩ፣ እየሳቁ አለቀሱ።