የሌሊሴ ዳቦ

አሶሳ ያለው የወላጆቼ ቤት መቃን ላይ የቢላዋ ጭረቶች አሉ። የእኔዎቹ በየዓመቱ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የታናሽ እህቴ የሌሊሴ ግን ታች ላይ ተደራርበው ቀርተዋል። ከወለጋ ተመድቦ የመጣው አስተማሪው አባታችን፣ በየእንቁጣጣሹ እዚያ አቁሞ ቁመታችንን ይለካ ነበር።

ልጆች ሳለን ሰፈሩ የሚበላው ማሽላና በቆሎ ነው፤ ስንዴ ከደጋ በመኪና የሚመጣ የክብር እህል ነበር። እማዬ ታዲያ ለከሲታዋ ሌሊሴ፣ ደም ይሆናታል ብላ ከየትም ፈልጋ ዳቦ ትደፋላታለች። የኮባው ቅጠል ሽታ አጥር ሲሻገር እኔ ምራቄን እየዋጥኩ እቀናለሁ። የእሷ ሆድ ግን እየተነፋ፣ ክንዷ እየቀጠነ ሄደ። ጤና ጣቢያ የክንድ መለኪያው ጥብጣብ ቀዩ ላይ ሲያርፍ እማዬ ደነገጠችና ዳቦውን ጨመረችላት።

አንድ ክረምት አያታችን ወለጋ አረፉና ወላጆቻችን ለቅሶ ሄዱ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ነውና የበርታ ብሔረሰብ ተወላጇ ጎረቤታችን እማ ሐሊማ ወሰዱን። እሳቸው ቤት ዳቦ የለም፤ የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ነው። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦ ወላጆቻችን ሲዘገዩ፣ ሌሊሴ ጉንጭ አወጣች። አባሮሽ ስንጫወት እኔን ቀድማኝ ስትሮጥ ያየኋት ያን ክረምት ብቻ ነው።

እማዬ ስትመለስ እማ ሐሊማ ሌሊሴን እያሳዩ፣ «ወላሂ፣ ይሄ ልጅ ዳቦ አይስማማውም። እኔ ጋ ገንፎ ይብላ» አሏት።

እማዬ አመስግና ይዛን ገባች፤ ግን ከፍቷት ነበር። ልጅ ማሳደግ አልቻልሽም የተባለች መሰላት። ካገገመችማ ስንዴ ያጠነክራታል ብላ በዚያው ሳምንት ዳቦ ደፋች። ጉንጯም ተመልሶ ጎደለ።

ሐኪም ሴሊያክ የሚባል ሕመም እንዳለባት የነገራት ካደገች በኋላ ነው። ስንዴና ገብስ አንጀቷን እያቆሰሉ ምግብ ከሰውነቷ እንዳይዋሃድ ያደርጉ ነበር። ዛሬ ተሽሏታል፤ ያመለጣት ቁመት ግን አይመለስም። እማ ሐሊማም ልክ እንደነበሩ ሳይሰሙ አለፉ። ይሄ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ዳቦ አልተደፋም፤ ሁላችንም የማሽላ ገንፎ ከበን በላን። እማዬ እጆቿን እያየች፣ «በዚሁ እጄ እየቆረስኩ» አለች።

«እማዬ፣ እኔ የማስታውሰው ከሁሉም ለእኔ አብልጠሽ መቁረስሽን ነው» አለቻት ሌሊሴ።

ያኔ በዚያ ዳቦ እቀና ነበር፤ አሁን ሽታው ሲመጣብኝ ሆዴ ይባባል። ከምሳ በኋላ አባዬ እንደ ድሮው ቢላዋ ይዞ የሌሊሴን ልጅ መቃኑ ሥር አቆማት። ገና የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ጭረቷ የእናቷን የመጨረሻ ምልክት ሲያልፍ ሁላችንም አጨበጨብን። እማዬ ብቻ ፊቷን አዞረች።