ድንኳን ተካይ በሰኖበር ጫካ

የመጀመሪያው ቀን ወደ ሥራ የሄድኩት ክሎር፣ የእጅ ጓንትና ሁለት መወልወያ በፌስታል ይዤ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 2019 ነበር፤ የቤሩት ሙቀት ገና አልበረደም። ሐምራ ካለችው ማዳሜ ቤት ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለኝም። ዶራ ሰፈር ውስጥ ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን በየሰው ቤት እየዞርን እናጸዳለን፤ እኛ «ፍሪላንስ» እንለዋለን። ጃል ኤል ዲብ የሚባል ሰፈር የሚያጸዳለት ሰው የሚፈልግ አንድ ሚስተር አለ ሲሉኝ በቫን ሄድኩ።

ሚስተሩ ኤሊ ይባላል። ክረምት ከበጋ ቁምጣ የማያወልቅ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ጎልማሳ ነው። ፎቅ ይዞኝ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ከሕንፃው ሥር ወዳለ መጋዘን ወሰደኝ። በሩን ሲከፍተው የእርጥብ ጨርቅና የጭስ ሽታ ወጣ። ድንኳን እስከ ጣሪያው ተቆልሏል።

«ቤቱስ የታለ?» አልኩት።

«ቤቱ ይኸው ነው። ሰዎችን ጫካ ወስጄ አሳድራለሁ፣ ያኒ ካምፒንግ። አንቺ ድንኳኖቹን ታጸጂልኛለሽ።»

ክሎሩን ከፌስታሉ ሳወጣ ጮኸ። ክሎር ክልክል፣ ሳሙና ክልክል፣ ሙቅ ውሃ ክልክል፣ ካውያማ በአጠገቡም አይለፍ። ጨርቁ ውሃ እንዳያስገባ የተቀባው ነገር በሳሙና ይለቃል። ቀዝቃዛ ውሃና ስፖንጅ ብቻ፤ ከዚያ ጥላ ሥር ማስጣት፤ በደንብ ሳይደርቅ አለማጠፍ። ማዳም ቤት ስንት ዓመት ተሰድቤ የተማርኩት ሙያ በአንድ ጠዋት ከሥራ ውጭ ሆነ። ማታ ወደ ክፍሌ ስመለስ ክሎሩ እንደታሸገ ነበር።

ጥቂት ሳምንት ድንኳን ሳጥብ ቆየሁ። ከዚያ ከኤሊ ጋር ድንኳን የሚተክለው ሰውዬ ሥራ ለቀቀና ኤሊ መጋዘን በር ላይ ቆሞ አየኝ።

«ዜይና፣ ቅዳሜ ተራራ ትወጫለሽ?» ስሜ ዘነቡ ነው፤ እሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዜይና ብሎኛል።

«ተራራ ላይ ምን አለ?»

«ምንም የለም። ሰዎቹ የሚመጡት ለዚያ ነው።»

እውነቱን ነው፣ ምንም የለም። ከጃል ኤል ዲብ በላይ እየተጠማዘዘ በሚወጣው መንገድ ሄደን፣ አስፋልቱ ሲያልቅ መኪና አቁመን፣ ዕቃ ተሸክመን በእግር ገባን። ጫካው የሰኖበር ነው፤ ማዳሞች ሩዝ ላይ የሚበትኗት ነጭ ፍሬ የምትገኝበት ዛፍ። መብራት የለም፣ ቧንቧ የለም፣ ሽንት ቤት የለም። ወደ ታች ስታይ በዛፎቹ መሃል ባሕሩ ይታያል።

ኤሊ ክብሪት ሰጠኝና «እሳት አያይዢ» አለኝ።

«አልችልም።»

«እንዴት አትችዪም? አፍሪካዊት አይደለሽ?»

«ሚስተር፣ እኔ አዳማ ከተማ በቡታጋዝ ያደግኩ ነኝ።»

መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ከዚያ ከባዶ አስተማረኝ። ድንጋዩ በክብ ይደረደራል፤ ደቃቁን ጭራሮ ከሥር፣ ወፍራሙን ከላይ፤ እርጥብ እንጨት አይቆረጥም፣ የወደቀ ይለቀማል። ካስማ ሲመታ አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ነፋስ ይነቅለዋል። የደረቀ ቅርንጫፍ ሥር ድንኳን አይተከልም። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከምንጩ ርቆ በአካፋ ይቆፈራል፤ ስንለቅ አፈሩ ይመለሳል። በዚያ ቤት ማዕረግ ሦስት ነበር፦ አጣቢ፣ ካስማ መቺ፣ ድንኳን ተካይ። ዝናብ ሳይመጣ ሁለተኛው ላይ ደረስኩ።

ደንበኞቹ ጥሩ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሙሲዮ መጥቶ «ፓርዶን፣ ስልክ ቻርጅ የማደርገው የት ነው?» አለኝ፤ ዛፎቹን አሳየሁት። አንዲት ማዳም ደግሞ ድንኳኗ በር ላይ ይዛኝ «ዜይና፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እዚህ አንበሳ አለ?» አለችኝ። «ዛሬ የለም» አልኳት። መርሲ ብላ ገብታ ተኛች።

ጫካው የመንደሩ ነው። ጠባቂው አቡ ሚላድ ይባላሉ፤ ጫካው አፍ ላይ ባለ የድንጋይ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የአደን ጠመንጃ ከትከሻቸው የማይወርድ ሽማግሌ ናቸው። ኤሊን ያስገቡት በአንድ ቃል ነው፦ ጸጥታ። ሙዚቃ የለም፣ ጩኸት የለም። ያንን ያፈረሰ ቀን ኸላስ፣ ኤሊም ድንኳኑም ከጫካው ይወጣሉ። ኤሊ ደንበኞቹ ከመኪና ሲወርዱ በመጀመሪያ የሚነግራቸው ይህንኑ ነበር።

በጥቅምት አገሩ ሁሉ መንግሥትን ተቃውሞ አደባባይ ወጣ። መንገድ በጎማ ጭስ ተዘጋና ተራራ የሚወጣ ጠፋ። አደባባይ የሚያድሩት ሰዎች ግን ድንኳን ፈለጉ፤ ኤሊ ያለውን ጭኖ ወረደ፣ እኔም አብሬ። አስፋልት ላይ ካስማ አይገባም። ውሃ የተሞላ ጋሎን በየጥጉ አስረን ተከልን። ከዝናቡ በኋላ ዞረን ስናይ ከተከልኳቸው አንዱም አልወደቀም። ኤሊ «ያላ፣ ከዛሬ ጀምሮ ድንኳን ተካይ ነሽ» አለኝ። ሹመቴን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ክፍላችን ውስጥ ከሚኖሩት አንዷ እህት አስቴር ናት፤ የጸሎት መሪያችን። ተከራይተን የምንሰበሰብበት አዳራሽ ተዘጋ። ክፍላችን ውስጥ እንጸልይ ብንል ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል፤ ፖሊስ ቢጠራ ደግሞ አብዛኞቻችን ወረቀት የለንም። ስለዚህ በሹክሹክታ እንጸልይ ነበር። አስቴር ሹክ ስትል ደረጃ ላይ ይሰማል። አንድ ቀን ከጸሎት በኋላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችና «ዘነቡዬ፣ አፌን በእጄ ይዤ እግዚአብሔርን መጥራት ደከመኝ» አለችኝ። አስቴር ደከመኝ ስትል ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

ለኤሊ ነገርኩት። የቤሩት በጋ ገብቶ ነበር፤ ሆቴል የተዘጋበት ሰው ሁሉ ድንኳን ስለሚጠይቅ ቅዳሜና እሑድ ፋታ የለውም።

«ሰኞ ጫካው ባዶ ነው» አለ። «ድንኳን እሰጣችኋለሁ፣ እኔው እነዳለሁ። ግን አቡ ሚላድ…»

«ቀስ ብለን እንጸልያለን» አልኩት።

«ደህና። ጸጥ ያሉ ሴቶች ናቸው እለዋለሁ።»

ሰኞ ጠዋት የጸሎት እህቶቻችን ዶራ መጡ። አንዷ ተረከዛም ጫማ አድርጋለች፤ አንዷ ባለ ጎማ ሻንጣ ትጎትታለች፤ አስቴር ብረት ድስት ይዛለች። ሁሉም ማስክ አድርገው በኤሊ ቫን ተጠቅጥቀው ገቡ። ተራራው መንገድ ላይ የወታደር ኬላ አለ። ወታደሩ አንገቱን አስገብቶ አየንና ፈገግ አለ።

«ሠራተኞች ናቸው?»

«ደንበኞች ናቸው» አለ ኤሊ።

«ደንበኞች?»

«ካምፒንግ ይወጣሉ። እሷ ደግሞ መሪያቸው ናት» ብሎ እኔን አሳየ።

ወታደሩ ጣሪያው ላይ የታሰሩትን ድንኳኖች አየ፤ እኛን አየ፤ ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው። ሁለቱም እየሳቁ አሳለፉን። ቫኑ ውስጥ ኬላው ከዓይን እስኪጠፋ ማስኩን ዝቅ ያደረገ የለም።

ጫካ ስንደርስ ሌላ ችግር መጣ። እህቶች ደንበኛ መሆን አልቻሉበትም። የቤቱ ደንብ ደንበኛ ሲመጣ ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ድንኳን ተካዩ ይተክላል ነው። እነሱ ግን ከቫን እንደወረዱ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሁለቱ ገመዱን ከእጄ ቀሙኝ፤ አንዷ ብርጭቆዎቹን ገና ሳይጠጣባቸው አጠበች። ባለ ተረከዟ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ አንስታ ጫካውን መጥረግ ጀመረች።

ኤሊ ራሱን ያዘ። «ዜይና፣ በእግዚአብሔር ንገሪያት! ቆሻሻ አይደለም፣ መሬቱ ነው!»

«አሁን እጨርሳለሁ ሚስተር» አለችው በአረብኛ፣ ሳታቆም።

እንደምንም ካስቀመጥናቸው በኋላ ጸሎት ተጀመረ። ኤሊ መኪናው ጋ ሄዶ ተኛ። አስቴር «በቀስታ፣ እህቶች» አለች። እውነትም በቀስታ ጀመሩ። ነፋሱ ከዛፎቹ አናት ይሰማል። ከዚያ አንዷ አለቀሰች፤ ሌላዋ ድምጿን ትንሽ ከፍ አደረገች፤ የሚደበደብ ግድግዳ የለም። አስቴር እጇን ወደ ላይ ዘርግታ በሙሉ ድምጿ «ጌታ ሆይ!» ስትል ከዛፉ ላይ ወፍ ሁሉ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ያቆማል? እኔም ጮኽኩ።

ዓይኔን የገለጥኩት ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰምቼ ነው። አቡ ሚላድ ዳገቱን ሮጠው መጥተው፣ ላብ በላብ ሆነው፣ ጠመንጃቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከፊታቸው ሴቶች በሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ያለቅሳሉ።

«እጃችሁን አውርዱ!» አሉ አቡ ሚላድ። «አልተኩስም! ያ አድራ፣ ድንግል ሆይ፣ አልተኩስም አልኩ!»

አንዷ ዓይኗን ገልጣ ጠመንጃውን አየችና እጇን ይበልጥ ከፍ አደረገች።

ሮጬ መሃል ገባሁ። «አቡ ሚላድ፣ ጸሎት ነው! ጸሎት ነው!»

ጠመንጃውን መሬት አስደግፈው እስኪተነፍሱ ጠበቅኩ። ሲተነፍሱ ግን ተቆጡ። እባብ ነደፋቸው ብዬ፣ እሳት ተነሣ ብዬ በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ አሉ። ጸጥ ያሉ ሴቶች ተብሎ ነው የተነገረኝ አሉ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ደረክ እጠራለሁ። ኸላስ። ኤሊም ከዚህ ጫካ ይወጣል።»

ደረክ ማለት የገጠሩ ፖሊስ ነው። ቃሉን እህቶች ሁሉ ያውቁታል። ጸሎቱ ቀጥ አለ። ሻንጣ የያዘችው ሻንጣዋን ጨበጠች።

እኔም የሆነውን ነገርኳቸው። «አዳራሻችን ተዘግቷል። ክፍል ውስጥ ጎረቤት እንዳይሰማን በሹክሹክታ ስንጸልይ ወራት ሆነን። ዛሬ ጎረቤት የለም ብለን ረሳን። አስደነገጥንዎት፣ ይቅርታ።»

ስልኩን እንደያዙ አስቴርን በአገጫቸው አሳዩኝ። «ምን እያለች ነው እንዲህ የምትጮኸው?»

ለአስቴር አስተረጎምኩላት። ማስኳን ከአገጯ ወደ አፏ መልሳ እንዲህ አለች፦ «ከቤቷ የራቀችውን ሁሉ ወደ ቤቷ መልስ፤ መንገድ የተዘጋበትን ሰው መንገዱን ክፈትለት።»

በአረብኛ ነገርኳቸው። አቡ ሚላድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ አፍሪካ ነው» አሉ። «አቢጃን። ሱቅ አለው። አውሮፕላን ከተዘጋ ጀምሮ አልመጣም። አቢጃንን ታውቁታላችሁ?»

«ከእኛ ሩቅ ነው» አልኳቸው።

«እናንተ አፍሪካ አይደላችሁም?»

«ነን፤ ግን ሩቅ ነው።»

አሰቡበት። ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «ሚላድ ይባላል። እሱንም ጥሪልኝ በያት።»

አስቴር ትልቅ ሰው አጠገቧ ስላለ አክብራ፣ በለሆሳስ ጀመረች። አቡ ሚላድ ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«አቢጃን ሩቅ ነው አላልሽም? ጮክ በይ በያት።»

ኤሊ በእንቅልፍ ዓይኑ ሲደርስ ሴቶቹ በሙሉ ድምፃቸው «ሚላድ! ሚላድ!» እያሉ ሲጮኹ፣ አቡ ሚላድም ኮፍያቸውን አውልቀው ሲያማትቡ አገኘ። ሄዶ ሻይ ጣደ።

ከዚያ ቀን በኋላ አቡ ሚላድ ራሳቸው ራቅ ያለ ሸለቆ አሳዩን። እዚያ የሚሰሟችሁ የእኔ ፍየሎች ብቻ ናቸው አሉ። በዚያ በጋ ሰኞ የእህቶች ቀን ሆነ። ኤርፖርቱ ሲከፈት ሚላድ መጣ። እኔ እንጃ፣ የተከፈተው ለሁሉም ሰው ነው፤ አባትየው ግን የእኛ ሥራ ነው ብለው አመኑ። ልጁን አንድ ሰኞ ከአንድ ሣጥን በለስ ጋር ይዘውት መጡ። ሚላድ እጄን ጨብጦ በፈረንሳይኛ አቢጃን የት ሰፈር እንደሆንኩ ጠየቀኝ።

ነሐሴ ላይ የቤሩት ወደብ ሲፈነዳ የክፍላችን መስኮት ሁሉ ረገፈ፤ እኛ ተረፍን። ኤሊ ድንኳን ሥር የምናነጥፈውን ሸራ ጭኖ መጣና መስኮቶቹ ላይ ወጠርን። ከዚያ ወደቡ አጠገብ ወዳለው ማር ሚካኤል ሰፈር ወርደን ሸራው እስኪያልቅ ለማናውቃቸው ሰዎች ወጠርን። በማግስቱም ወጠርን። ዓመቱ ሳያልቅ ወደ አገሬ ገባሁ።

አሁን አዳማ ድንኳን አከራይ ቤት እሠራለሁ፤ የሠርግም የለቅሶም እንተክላለን። አዲስ ለሚገቡ ልጆች ካስማ አመታት አሳያቸዋለሁ፤ እሱን በሳምንት ይለምዱታል። ከእሱ የሚቀድመው ሌላ ነው፦ ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት የቦታውን ጠባቂ ራሳችሁ ሄዳችሁ አግኙ። ማን እንደሚመጣና ምን እንደሚያደርግ፣ የሚጮህም ካለ ይጮሃል ብላችሁ ንገሩት። አብዛኛው ሰው እሺ ይላል።